ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ? ፖሊስ መንገድ ዳር ሲያስቆመን

(ቨርጂኒያ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣችሁት። ኡበር የምትነዱት ደግሞ የቅዳሜ ማታ ገበያችሁን ትታችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ጠበቃ አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ከማስተረጉመው ውስጥ ብዙው የትራፊክ ጉዳይ ነው። እና ዓመቱን ሙሉ የማየው አንድ ነገር አለ። ሰዎቻችን ፖሊስ ሲያስቆማቸው የሰሙት ቃል ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ አይለዩም። እኔም አልለይም ነበር። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ላወራ ነው።

መጀመሪያ ፖሊስ ያስቆመኝ አሜሪካ በገባሁ በስምንተኛው ወር ነው። ሌሊት ነበር። ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ፍሬቻ አሳየሁና ዳር ያዝኩ። ሞተር አጠፋሁ። ከዚያ አዲስ አበባ የለመድኩትን አደረግኩ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

አገር ቤት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ትራፊክ አስቁሞህ መኪና ውስጥ ተደላድለህ ከተቀመጥክ ንቀት ነው። «ይሄ ደግሞ ማን ነኝ ብሎ ነው?» ያሰኛል። ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ «አለቃ፣ ይቅርታ፣ ዛሬን ማረኝ» ትላለህ። መንጃ ፈቃድህን ቀድመህ ታወጣለህ። ዓይን ዓይኑን አታየውም።

ያን ሌሊት ይህን ሁሉ አደረግኩ። ፖሊሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጮኸ። የሚለው አልገባኝም። መንጃ ፈቃድ የፈለገ መስሎኝ እጄን ወደ ኋላ ኪሴ ሰደድኩ። ሽጉጡን መዘዘ። ደርቄ ቀረሁ። በሕይወት ያለሁት ስለደረቅኩ ይመስለኛል።

በኋላ ሲረጋጋ ጥያቄ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም በልማዳችን፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» እላለሁ። ያንን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ ግን ደንግጬ ትንፋሼ የተቆረጠ መሰለው። «ምንድን ነው የፈራኸው?» አለኝ። መኪናው ውስጥ የደበቅኩት ነገር ያለ መሰለው። ለአክብሮት ያደረግኩትን ነገር በሙሉ እሱ እንደ ዛቻ ወይም እንደ ውሸት አነበበው። የእሱን ጩኸት ደግሞ እኔ እንደ ጥላቻ አነበብኩት። ሁለታችንም ፈርተን ነበር። ሽጉጥ የነበረው ግን አንዳችን ብቻ ነን።

አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ጉዳይ ልንገራችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ሰውየው እሑድ ማታ እቁብ ደርሶት ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። 12 ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር። ገንዘቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ነበር። በፍጥነት ምክንያት ፖሊስ አስቆመው። ፖሊሱ ጨዋ ነበር። የቅጣት ወረቀቱን ጻፈ። መንጃ ፈቃዱን መለሰለት። ሰውየው አለቀ ብሎ ቀበቶውን ሲያስር፣ ፖሊሱ እንደዋዛ መስኮቱ ላይ ተደገፈና «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ ኤ ሉክ ኢን ዘ ካር?» አለው።

ሰውየው «ኖ» አለ። በሩ ተከፈተ፣ ወንበሩ ተፈተሸ፣ ገንዘቡ ወጣ። የዕፅ ገንዘብ ነው ተብሎ ተያዘ።

ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ጠበቃው ከፖሊሱ ደረት ካሜራ የተቀዳውን ቪዲዮ አሳየን። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እየውልህ! ‹አይሆንም› አልኩት እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብሏል። ግን እንግሊዝኛው የጠየቀው «ብፈትሽ ቅር ይልሃል ወይ?» ብሎ ነው። «ኖ» ያለ ሰው «ቅር አይለኝም» ብሏል። ፖሊሱም የሰማው ያንን ነው። እኔ ራሴ ስተረጉም ሁለት ጊዜ አቁሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ገንዘቡ ከወራት በኋላ ተመለሰ። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ መጥቶ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የእያንዳንዱን ወር ክፍያ ማስረዳት ነበረበት። እነዚያ 12 ሰዎች ግን እስከ ዛሬ በጥሬ ገንዘብ እቁብ አይጥሉም። ፖሊስ ሲያዩም መንገድ ይቀይራሉ።

ይህን ጉዳይ ካየሁ በኋላ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት አስገረመኝ። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ መንገድ ላይ ያለው ሥልጣን በጥቂት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች የተሰፋ ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም። የእኛን ሕይወት የሚነኩትን ብቻ ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርድ ቤቱ አንድ ፖሊስ በሕግ ያስቆመውን ሾፌር «ውረድ» ብሎ ማዘዝ ይችላል አለ። ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። በ1997 ይህ ለተሳፋሪም ሆነ። ስለዚህ «ውረድ» ትእዛዝ ነው። ሲባል መውረድ ግዴታ ነው፣ ሳይባል መውረድ አደጋ ነው። የእኔ ሌሊት እዚህ ላይ ነበር።

በ1973 ደግሞ ሌላ ውሳኔ አለ። ፖሊስ መኪናህን ልፈትሽ ብሎ ሲጠይቅህ «አይሆንም ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም ይላል። በ1996 ተጨመረበት። ቅጣቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት «አሁን መሄድ ትችላለህ» ማለትም ግዴታው አይደለም ተባለ። የእቁቡ ሰውዬ እዚህ ላይ ነበር። መንጃ ፈቃዱ እጁ ሲገባ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው፤ በሕግ ዓይን የጓደኛ ጥያቄ ያህል ነው። እምቢ ቢል፣ ለፍተሻ የሚያበቃ ሌላ ምክንያት እስከሌለ ድረስ፣ ፖሊሱ ወደ መኪናው መመለስ ነበረበት።

እስቲ በእኛ ጆሮ አድምጡት። መሣሪያ የታጠቀ ሰው፣ በሌሊት፣ መብራቱ ከኋላህ እየበራ፣ «ቅር ካላለህ ትንሽ ልይ?» ይልሃል። በአማርኛ እኮ ሥልጣን ያለው ሰው ትእዛዙን በትህትና ነው የሚያስተላልፈው። አለቃህ «እስቲ ይህቺን ነገር ብታያት» ካለህ ጠይቆህ አይደለም፤ አዞሃል። «እሺ» የምንለውም ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ለማለት ነው። ያንኑ «እሺ» ወደ እንግሊዝኛ ወስደን «ኦኬ፣ ኦኬ» እንላለን። ፍርድ ቤት ውስጥ ያ «ኦኬ» ፈቃድ ሆኖ ይነበባል። በገዛ አፌ ተርጉሜዋለሁ፤ ያማል።

በዚያው በ1996 ሌላም ውሳኔ ወጣ። ይህኛው የእኛው ሰፈር ጉዳይ ነው፤ የተነሳው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች አንድ መኪና «ስቶፕ» ምልክት ላይ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈ ብለው አስቆሙ። ልባቸው የነበረው ግን ዕፅ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ የትራፊክ ጥፋቱ እውነት እስከሆነ ድረስ የፖሊሱ የልብ ሐሳብ አይመረመርም አለ። እንግዲህ ማነው ፍሬቻ ረስቶ የማያውቅ? እኛ ሾፌሮች ነን፣ እንተዋወቃለን። አንድ ፖሊስ አንድን መኪና አሥር ደቂቃ ከተከተለ ማስቆሚያ አያጣም። የሰው ጥርጣሬ የሚበቅለው እዚህ ነው። «መብራትህ ጠፍቷል» ስትባል፣ ጉዳዩ የእውነት መብራቱ ይሁን ሌላ ነገር አታውቅም።

ፊላንዶ ካስቲልን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሚኒሶታ፣ ሐምሌ 2016። 32 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ምግብ ክፍል ይሠራል። ከዚያ ቀን በፊት ቢያንስ 46 ጊዜ ፖሊስ አስቁሞታል፤ ብዙው ጥቃቅን ነገር ነው። ያን ማታ የተነገረው ምክንያት የፍሬን መብራት ነበር። ፖሊሱ ግን በሬዲዮ ለባልደረባው የተናገረው ሌላ ነው። ሾፌሩ አፍንጫው ሰፋ ያለ ስለሆነ በዘረፋ የሚፈለግ ሰው ይመስላል ብሏል። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ጉዳይ ይዘው ተገናኙ። አንዱ ስለ መብራት ነው የሚያወራው። ሌላው ዘራፊ ፊት የቆመ መስሎታል። ካስቲል ፈቃድ ያለው መሣሪያ እንደያዘ በእርጋታ ተናገረ። ከሰከንዶች በኋላ ፖሊሱ ሰባት ጥይት ተኩሶ ገደለው። ከኋላ ወንበር የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ፖሊሱ በ2017 ነፃ ወጣ።

እውነተኛው ምክንያት ቢነገረው ኖሮ ይተርፍ ነበር አልልም፤ ይህን ማንም ማለት አይችልም። ግን የማስቆሚያውን ምክንያት መደበቅ ለሁለቱም ወገን አደጋ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የፖሊሱንም ጎን ልናገር፤ እዚህ ካላነሳሁት ፍትሐዊ አልሆንም። አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ እንዲህ አለን። «ወደ መኪና ስራመድ የማየው የራስ ቅል ብቻ ነው። እጅ አይታየኝም። ከጀርባዬ መኪና እየበረረ ነው። ማን እንዳለ አላውቅም።» አመንኩት። በሥልጠና ላይም ባልደረቦቻቸው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግመው ያያሉ። ግን በ2019 ከፍሎሪዳ መረጃ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። በተለመደ የትራፊክ ማስቆም ላይ ፖሊስ ሆን ተብሎ የሚገደለው ከ6.5 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው። አገሪቱ ውስጥ በቀን ከ50,000 በላይ መኪና ይቆማል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ከአደጋው ልክ ግን በብዙ ይበልጣል። የእኛም ፍርሃት እንደዚያው ሊሆን ይችላል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ላይ የተያዘ አባት ያሳደገው ሰው፣ ዩኒፎርም ሲያይ የሚያየው የዛሬውን ፖሊስ ብቻ አይደለም። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ጋሼዎች ታውቁታላችሁ።

ጥርጣሬው ግን የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ2020 ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የማስቆም መዝገብ የመረመረ ጥናት ታተመ። ሲመሽ፣ የሾፌሩ መልክ በደንብ በማይታይበት ሰዓት፣ ከሚቆሙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ይቀንሳል። በጨለማ የምንታየው መኪና ብቻ ስለሆንን ነው።

የሚያበረታኝ ጥናት ግን የ2023ቱ ነው። ተመራማሪዎች በፖሊሶች ደረት ካሜራ የተቀዳ፣ ጥቁር ሾፌሮች የቆሙበትን 577 ቪዲዮ ወሰዱ። የፖሊሱን የመጀመሪያ 45 ቃላት ብቻ አዳመጡ። 45 ቃል እኮ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በእነዚያ ቃላት ብቻ ነገሩ በሰላም ይለቅ ወይም ወደ ካቴናና ፍተሻ ይሂድ የሚጠቁም ምልክት አገኙ። ፖሊሱ ምክንያቱን ሳይናገር በትእዛዝ ከጀመረ ነገሩ የመክፋት ዕድሉ ከፍ ይላል። «ያስቆምኩህ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ከጀመረ ይረግባል።

እኔ ይህን ሳነብ የእኔ ሌሊት ትዝ አለኝ። ፖሊሱ ያስቆመኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅጣት አልተጻፈልኝም። «ጎ ሆም» ብሎ ለቀቀኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልካም ነገር የለም ብዬ ላሰናብታችሁ አልፈልግም፤ ስላለም ነው። ካሊፎርኒያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ፖሊስ ሌላ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት መናገር አለበት። «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» የሚለው ወጥመድ ቀረ። ወጥመድ የምለው መልሱ ራስህን መክሰስ ስለሆነ ነው። ስንቶቻችን ነን በየዋህነት «ፈጥኜ መሰለኝ» ያልነው? ኒው ጀርሲ ደግሞ ቀድማለች። በ1975 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችል ማወቁን መንግሥት ያሳይ አለ። በ2002 ደግሞ ያለ በቂ ጥርጣሬ ለትራፊክ ጥፋት የቆመን ሾፌር «ልፈትሽ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ አይፈቀድም ተባለ።

እዚሁ ሰፈራችን እንምጣ። ዲሲ በ2020 ያወጣችው ሕግ ፖሊስ በፈቃድ መፈተሽ ሲፈልግ፣ እምቢ ካልክ ፍተሻ እንደማይደረግ በቀላል ቋንቋ እንዲነግርህ፣ እንግሊዝኛ የማይገባህ ከሆነም አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ደነገገ። አማርኛ በዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ በልመና የተገኘ አይደለም። በየስብሰባው እየሄዱ የተናገሩ ሰዎች ያመጡት ነው።

ቨርጂኒያስ? ይህቺን በደንብ ስሙኝ። በ2020 የወጣው፣ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የሠራው ሕግ፣ ፖሊስ ስፖኪዮ ላይ ስለተንጠለጠለ ነገር ብቻ ወይም ስለ ጠቆረ መስታወት ብቻ መኪና እንዳያስቆም ከለከለ። የውስጥ ስፖኪዮአችሁን አስቡት። መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ ባንዲራ የሌለበት የእኛ ሰው መኪና ስንት ነው? በዚያው 2021 ሚያዝያ ሚኒሶታ ውስጥ ዶንቴ ራይት የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ሲቆም፣ ፖሊስ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለ የአየር ሽቶ ነበር። ያ ወጣት ወደ ቤቱ አልተመለሰም። የቨርጂኒያ ሕግ አንድ የምወደው ነገርም አለው። በእንዲህ ዓይነት የተከለከለ ማስቆም የተገኘ ማስረጃ፣ ሾፌሩ «እሺ» ብሎ ፈቅዶ እንኳ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። የ«እሺ»ን ጉድ የተረዳ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ግን ቨርጂኒያ ፖሊሱ «እምቢ ማለት ትችላለህ» እንዲል አላስገደደችም። እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ስለ ምልክት ሁሉ እንጠየቃለን። ሽጉጥ የያዘው ሰው ደግሞ የሚናገረው ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ቢናገር ምን ይከብደዋል? ሥልጣን የያዘው እሱ ነው። ቋንቋውም የእሱ ነው። ይህ ለፖሊሱም ይጠቅመዋል። ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ሲያውቅ አይንቀጠቀጥም፤ የማይንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ፖሊሱን አያስፈራውም። ለምክር ቤት ተወካዮቻችን የምንጽፈው ደብዳቤ መውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። አንብባችሁ ካመናችሁበት ፈርሙ።

እስከዚያው ልጆቻችሁን አስተምሩ። መስኮት ዝቅ። ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ይብራ። ሁለት እጅ መሪ ላይ። ዶክመንቱ ዳሽቦርድ ውስጥ ከሆነ «ላውጣ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ በዝግታ። ካልተባለ አለመውረድ፤ ከተባለ መውረድ። የቅጣት ወረቀቱ ላይ መፈረም ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ቀጠሮህን አውቄአለሁ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ አትከራከሩ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወንጀል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስር አለው። በየሳምንቱ ይህን ሳያውቅ የሚመጣ ሰው አያለሁ።

የገዛ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ መንዳት እየተማረች ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ተለማመድን። እኔ ፖሊስ ሆንኩ። በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ያንኑ «ዱ ዩ ማይንድ» አልኳት። እጇ መሪው ላይ ነው። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ኦፊሰር፣ እየጠየቁኝ ነው ወይስ እያዘዙኝ?» አለች በእንግሊዝኛ። «እየጠየቅኩሽ ነው» አልኳት። «እንግዲያው እንዲፈተሽ አልፈቅድም» አለች። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን በሦስቱም ጊዜ ሆዴ ተላውሷል።

አሁን የእናንተን ልስማ። እዚያ ከኋላ ነጠላ የለበሱት እናት እጃቸውን ካነሱ ቆይተዋል። እማማ፣ ይቀጥሉ፤ ማይኩን አቀብሏቸው።